የአንጀት መቈጣትና የአንጐል ምት

ሁለት ደዌያት በአንድ ሰው ላይ ሲደረቡ የሆስፒታል ሥራ እንዴት እንደሚከብድ ለማስረዳት ዛሬ የአንጀትንና የአንጐልን ነገር አንድ ላይ እናነሣለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

አማርኛ «ተቈጣ» የሚለውን ቃል ለሰውም ለቍስልም ይናገረዋል። ቍስል ተቈጣ ማለት ቀላ፥ አበጠ፥ ጋለ ማለት ነው። አንጀትም እንዲሁ ይቈጣል። ለዓመታት የሚዘልቀውንና እየበረደ የሚያገረሸውን የአንጀት ቍጣ ሐኪሞች በተለይ በሁለት ስም ይጠሩታል። አንደኛው፥ በኒውዮርክ በማውንት ሳይናይ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ክሮንና ሁለት ባልደረቦቻቸው በ1932 የገለጡት የክሮን በሽታ ነው። ሁለተኛው የደንዳኔን ውስጠኛ ገጽ የሚያቈስለው አልሰረቲቭ ኮላይቲስ ነው። በእኛ አካባቢ ደም የተቀላቀለ ተቅማጥ ሲታይ አሳብ ወዲያው ወደ አሜባ ይሄዳል፤ ዳሩ ግን ሁልጊዜ አሜባ አይደለም።

ይህ ቍጣ በአንጀት ብቻ ተወስኖ አይቀርም፤ ደምንም ያረጋል። ባርገንና ባርከር የተባሉት የማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች በ1936 በብዙ የደም ሥሮቻቸው ውስጥ ደም የረጋባቸውን የኮላይቲስ በሽተኞች ጽፈው አስታውቀዋል። ቍጣው ደም የሚያረጉትን ነገሮች ያበዛል፤ ተቅማጡ የሰውነትን ውሃ ያጐድላል፤ በሽተኛውም አልጋ ላይ ይውላል። በእግርና በሳንባ ደም ሥሮች ውስጥ ደም የመርጋቱ አደጋ ከሌላው ሰው ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ወደ አንጐል በሚሄደው ደም በኩል ግን ጭማሪው መጠነኛ ስለ ሆነ፥ የአንጀት በሽተኛ ሁሉ ይሸበር ማለታችን አይደለም።

ችግሩ የሚብሰው ምቱ ከደረሰ በኋላ ነው። የረጋውን ደም የሚያሟሟው አልቴፕሌዝ የተባለው መድኃኒት በ1995 በአሜሪካ በወጣው ጥናት መሠረት በሦስት ሰዓት ውስጥ፥ በ2008 በአውሮጳ በወጣው ጥናት ደግሞ እስከ አራት ሰዓት ተኩል ድረስ ሲሰጥ ይጠቅማል። ነገር ግን የረጋውን የሚያሟሟ መድኃኒት ቍስል ካለበት ቦታም ደም ያፈሳል። ስለዚህ በ2019 ታድሶ የወጣው የአሜሪካ የልብ ማኅበር መመሪያ ባለፉት 21 ቀናት ከሆድ ዕቃው ደም ለፈሰሰው ሰው መድኃኒቱ ሊጎዳው እንደሚችል ይናገራል። የአንጀት ቍጣ መኖሩ ብቻውን ግን የሚከለክል አይደለም።

እንግዲህ ሐኪሙ «ደም ፈሶት ያውቃልን? መቼ?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ ሰጪው ማን ነው? በሽተኛው አንደበቱ ተይዟል። ሚስቱ ወይም ልጁ ይመልሳሉ እንዳይባል፥ የመጸዳጃ ቤት ነገር ነውር ነው እየተባለ ከቤተ ሰብ እንኳ ይሸሸጋል። በዚህ ምክንያት ሊሰጠው የሚገባ ሰው ሳይሰጠው ይቀራል፤ ሊከለከል የሚገባውም ይሰጠዋል። መሰጠቱ አስጊ ሲሆን፥ ትልቅ የደም ቧንቧ ለተዘጋበት ሰው ከ2015 ወዲህ ጥቅሙ በጥናት የተረጋገጠ ሌላ ዘዴ አለ፤ ይኸውም ከብሽሽት በሚገባ ቀጭን ቱቦ የረጋውን ደም ስቦ ማውጣት ነው። ይህን የሚሠራ ሆስፒታል ግን በየከተማው አይገኝም።

የእነዚህ በሽተኞች የሆስፒታል ውጤት ምን እንደሚመስል ለማወቅ በአሜሪካ የሚገኙ አጥኚዎች ከ1988 ጀምሮ የተሰበሰበውን ትልቅ የሆስፒታል መዝገብ ይመረምራሉ። ስንት ሰው ሞተ፥ ስንት ቀን ተኛ፥ ስንቱ ደም ፈሰሰው ብለው ይቈጥራሉ። ቈጠራው ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም መዝገቡ የበሽታውን ስም እንጂ በዚያ ሳምንት አንጀቱ ተቈጥቶ ወይም በርዶ እንደ ነበር አይነግርም። የአንጀት በሽተኛው በዕድሜ ወጣት ሲሆንም ከሽማግሌ ጋር ማነጻጸሩ ያሳስታል። ስለዚህ ከእንዲህ ያለ መዝገብ የሚወጣውን ቍጥር በጥንቃቄ ብናነበው ይሻላል እንላለን።

በአልጋ ላይ ያለው ጥንቃቄ የበለጠ ግልጽ ነው። ሽባ የሆነው እግር ደም እንዳይረጋበት በየጊዜው የሚጨምቅ መሣሪያ ይደረግለታል፤ ጥቅሙ በ2013 በብሪታንያ በወጣ ጥናት ታይቷል። መዋጥ ለተሳነው በሽተኛ መድኃኒት ተፈጭቶ በቱቦ ይሰጣል፤ ለአንጀት ቍጣ የሚሰጠው የሜሳላሚን እንክብል ግን ልባሱ አንጀት ውስጥ እንዲሟሟ የተሠራ ስለ ሆነ አይፈጭም። ፕረድኒሶሎን ለብዙ ጊዜ ሲወስድ የኖረም በድንገት ቢያቋርጥ የደም ግፊቱ እስከ መውደቅ ይደርሳል፤ አስታማሚውም የመድኃኒቱን ብልቃጥ ከቤት ይዞ ቢመጣ ነርሷ ይህን ሁሉ ከጽሑፉ ታነበዋለች።