መሥመር ሲቋረጥ ንግድ እንዳይቋረጥ

ነጋዴ ሱቁን፤ መጋዘኑንና ቅርንጫፉን በኮምፒውተር መረብ ለማያያዝ መድከሙ የሚያስመሰግን ነው። መርካቶ ያለው ጽሕፈት ቤት በድሬዳዋ መጋዘን የቀረውን ዕቃ ወዲያው ሲያውቅ ገንዘብም ጊዜም ይተርፋል። ነገር ግን መረቡ የተዘረጋው መሥመር ከቶ አይቋረጥም በሚል አሳብ እንደሆነ፤ ጥቅሙ ወደ ጉዳት ይለወጣል።

ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ ስለሌላት ከውጭው ዓለም ጋር የምትገናኘው በጎረቤት አገሮች በኩል ነው። በየካቲት ወር 2016 ዓ.ም. በቀይ ባሕር ውስጥ የተዘረጉ ገመዶች ተቆረጡ፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ደግሞ የምሥራቅ አፍሪካን ጠረፍ ተከትለው የሚያልፉ ሁለት ገመዶች ተበላሽተው የኬንያና የታንዛንያ አገልግሎት ታወከ። መዝገቡን በውጭ አገር ኮምፒውተር ያስቀመጠ ነጋዴ፤ ከመርካቶ ወደ ድሬዳዋ የሚልከው ቁጥር እንኳ ባሕር ተሻግሮ የሚመለስ መሆኑን ይገንዘብ። የመብራት መጥፋትና በመንገድ ቁፋሮ የሚበጠስ ፋይበርማ ለማንም እንግዳ አይደለም።

እንግዲህ መድኃኒቱ ምንድን ነው? አንደኛ፤ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የራሱን የዕቃ መዝገብና የዋጋ ዝርዝር በራሱ ኮምፒውተር ይያዝ። መሥመር ሲቋረጥ ሽያጩን ይመዝግብ፤ ሲመለስ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ያስተላልፍ። አንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ እንዳይሸጥም ቅርንጫፍ በእጁ ካለው በቀር አይሽጥ።

ሁለተኛ፤ አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም እንደተባለው፤ በአንድ መሥመር ብቻ መታመን አይገባም። ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም አገልግሎት ይሰጣል። ሆኖም ሁለቱ መሥመሮች በአንድ ቦይ ወይም በአንድ ምሰሶ የሚያልፉ ከሆነ፤ ቁጥራቸው ሁለት ቢሆንም አደጋቸው አንድ ነውና ነጋዴው ውል ከመፈረሙ በፊት አጥብቆ ይጠይቅ።

ሦስተኛ፤ መረቡን የሚጠብቅ የሠለጠነ ሰው ይኑር። ነገር ግን የምሥጢር ቃሉ በአንድ ሠራተኛ እጅ ብቻ አይቅር፤ የመዝገቡም ግልባጭ በየማታው በሌላ ቤት ይቀመጥ።

ይህ ሁሉ ወጪን ያበዛል የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ያበዛል። ሆኖም የሁለተኛውን መሥመር የወር ክፍያ፤ ደንበኛ ቆሞ፤ ዕቃም ሞልቶ ሳለ ሳይሸጥ ከሚመሽ አንድ የገበያ ቀን ጋር ማመዛዘን ይገባል። ሒሳብ ዐዋቂ ነጋዴ ከሁለቱ የትኛው እንደሚከብድ ለመለየት አይቸገርም።