ምክር ጠገቡ፤ ተያዥ ግን አጡ

ለማኅበራችን አባላትና ለአካባቢያችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

ባለፈው ወር ጠቅላላ ስብሰባ አንድ የተከበሩ አባላችን ተነሥተው «የዚህ ሰፈር ወጣት ችግሩ ሥራ ማጣት አይደለም፤ ሥራ መጥላት ነው» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ቃለ ጉባኤውን የምይዘው እኔ ነኝና «ተጨበጨበ» ብዬ የጻፍኩትም በገዛ እጄ ነው። ያን ዕለት ዝም አልኩ። ዛሬ ግን ዝም አልልም። የሚከፋው ካለ ቤቴን ያውቀዋል፤ ይምጣና ይጠይቀኝ።

እንደሚታወቀው ማኅበራችን ከወረዳው የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ጋር ሆኖ ሥራ ፈላጊ ወጣቶችን እንዲያግዝ ተጠይቆ ከሁለት ዓመት በፊት እኔን ወክሏል። በወረቀት ላይ «አማካሪ» ተብያለሁ። ከ6ኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት የቴክኒክና ሙያ ምሩቅ ምን ብላ ታማክራለች ብላችሁ የሳቃችሁ አላችሁ። እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይህንኑ ነው። ኋላ እንደገባኝ ግን ሥራው ማማከር አልነበረም። አብሮ መሄድ ነው፤ ቢሮ በር ላይ አብሮ መቆም ነው፤ «ነገ ተመለሱ» ሲባል ልጁ ተስፋ ቆርጦ እንዳይቀር ነገ ጧት በሩን ማንኳኳት ነው።

ምክርማ ሞልቷል። ሲቪ አጻጻፍ ተምረዋል፤ ቃለ መጠይቅ ላይ እንዴት እንደሚቀመጡ ተምረዋል፤ የሕይወት ክህሎት የሚባለውንም ተምረዋል። ሥልጠናው ክፉ ነው አልልም፣ ቀና ብለው መናገር የማይችሉ ልጆች ተናጋሪ ሆነው ሲወጡ አይቻለሁ። ታዲያ ከሥልጠናው ወጥተው የት ላይ እንደሚወድቁ ልንገራችሁ።

አንዲት የሰፈራችን ልጅ አለች። እናቷ እንጀራ ጋግራ ነው ያሳደገቻት። ልጅቷ የሆቴል ቤት አያያዝ ሥልጠና ጨርሳ፣ የሲ ኦ ሲ ፈተናውን አልፋ፣ ለክፍል ጽዳት ሥራ ተወዳድራ ተመረጠች። እልል ብለን ሳንጨርስ አንዲት ወረቀት ተሰጣት። በሦስት ቀን ውስጥ ደመወዝተኛ ተያዥ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ጋር ታቅርብ ይላል። በቃ። የተማረችው ሁሉ እዚያች ወረቀት ላይ ደርሶ ቆመ።

ልጅቷ በሦስት ቀን ውስጥ የስንታችንን በር እንዳንኳኳች የምታውቁ ታውቃላችሁ። አንዱ «ባለቤቴን ላማክር» አለ፣ እስከ ዛሬ እያማከረ ነው። አንዷ ስልኳን ዘጋች። አንዱ ደግሞ ተያዥ መሆን ትቶ የአለባበስ ምክር ሰጥቶ ሸኛት። በአራተኛው ቀን ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ከነዚህ ሰዎች መካከል በስብሰባው ላይ ያጨበጨቡ ነበሩ። ከፊት ለፊት ተቀምጬ አይቻቸዋለሁ።

ድሮ «ሂስና ግለ ሂስ» ይባል እንደነበረው፣ ሌላውን ከወቀስኩ የራሴንም ላውጣ። ልጅቷ የእኔንም በር አንኳኩታለች። ባለቤቴ የመንግሥት ደመወዝተኛ ነው። እኔ አማካሪዋ፣ እኔ «አይዞሽ» ባይዋ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ «ለመስክ ሥራ ወጥቷል» አልኳት። ውስጥ ተቀምጦ ኳስ ያይ ነበር። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ውጭ ድረስ ይሰማል። ልጅቷ ሰማች፤ «እሺ እትዬ» ብላ ሄደች። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ስለዚያች «እሺ እትዬ» ነው።

ፈርተን እንጂ ጨካኞች ሆነን አይደለም እንበል። ፍርሃቱም ከሜዳ አልመጣም። አንዲት ጎረቤታችን ለአንድ ልጅ ተያዥ ሆና ልጁ ዕቃ ይዞ ጠፋ፤ ገንዘቡ ከደመወዟ እየተቆረጠ ከፈለች። ልጁ አጥፍቷል፣ አልሸፍንለትም። እኛስ? ሰው ሲሞት ድንኳን ተክለን ወንበር ለመደርደር አንድ ሰዓት የማይፈጅብን ሰዎች፣ ያቺ ሴት በየወሩ ስትቀጣ አንድ ቀን «አይዞሽ» አላልናትም። እንዲያውም «ማን ግቢ አላት?» ተባለ። ከዚያ ወዲህ ማን ይፈርማል?

ነገር ግን ከፍርሃታችን ግማሹ ካለማወቅ የመጣ ነው። ሕግ የሚያውቅ የግቢያችን ሰው ከፍትሐ ብሔር ሕጉ አንብቦልኛል፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው ነው። ቁጥር 1922 ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ ልክ በውሉ ላይ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም ይላል። ውሉም በጽሑፍ ሆኖ ሁለት ምስክር ሊፈርምበት ይገባል። እንግዲህ «ቤቴን ይወስዱብኛል» እያላችሁ የምትሸሹ ሁሉ፣ መጀመሪያ ወረቀቱን ተቀብላችሁ «ስንት ብር ነው የተጻፈው?» በሉ። ቁጥሩ የሚከብዳችሁ ከሆነ «ይህን ያህል እችላለሁ» ብላችሁ ተከራከሩ። ቁጥር የሌለበት ወረቀት ላይ አትፈርሙ።

ለአሠሪዎችም አንድ ቃል አለኝ፣ ሰሌዳችንን ቆመው የሚያነቡ ባለ ሱቆችና ባለ ድርጅቶች አሉና። ገንዘብ ለሚቆጥር፣ መጋዘን ለሚረከብ ተያዥ መጠየቃችሁ ይገባኛል። ወለል ለምትወለውል ልጅ ግን ደመወዝተኛ ተያዥ የምትጠይቁት ለምንድነው? መወልወያውን ይዛ እንዳትጠፋ ነው? እናቷ ደመወዝ ቢኖራት ኖሮ ልጅቷስ ለዚህ ሥራ ይህን ያህል ደጅ ትጠና ነበር?

ስለ መሥሪያ ቤቶቹም ትንሽ ልበል። ገንዘብ አልተመደበም አይባልም። በ2009 ዓ.ም. ለወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ 10 ቢሊዮን ብር በአዋጅ ተመድቧል። የከተማ ሴፍቲኔቱም በዚያው ዓመት አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ነው የተጀመረው። የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛዋንም አልወቅስም፤ የምትከታተለው ቤተሰብ ብዛት ለአንድ ሰው የሚቻል አይደለም፣ የምትደውለውም በራሷ ካርድ ነው። እኔ የምወቅሰው ቅጹን ነው። እንድሞላ የተሰጠኝ ቅጽ «የሠለጠነ» የሚል ዓምድ አለው፣ «ሥራ የያዘ» የሚል ዓምድ አለው። ከሦስት ወር በኋላ እዚያው ሥራ ላይ ያለ ስንት ነው የሚል ዓምድ ግን የለውም። ልጁ ሥራ በያዘበት ቀን ተቆጥሮ ይዘጋል።

ልጁ የሚወድቀው ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም ይላል። በነዚያ ቀናት አሠሪው «አልተስማማኝም» ካለ ያለ ማስጠንቀቂያ ያሰናብታል። በሳምንት 6 ቀን ለሚሠራ ሰው 10 ሳምንት ማለት ነው። ሰው የሚያስፈልገው ያኔ ነበር፤ ያኔ ግን ሁላችንም ጨርሰናል ብለን ተበትነናል።

ብረታ ብረት ቤት የገባውን ልጃችንን አስታውሱ። 11 ቀን ሠርቶ ቀረ፤ «አላልናችሁም? ሥራ አይወድም» ተባለ። ቤቱ ሄጄ ጠየቅኩት። ታክሲ ሁለት ቦታ ይቀይራል፤ ደመወዝ የሚከፈለው በወሩ መጨረሻ ነው። የያዛት ብር በሳምንቱ አለቀች። ከዚያ በእግሩ መሄድ ጀመረ፤ ሦስት ቀን አረፈደ፤ በሦስተኛው ቀን ፎርማኑ ሰደበው፤ አፈረና ቀረ። ለወሩ የሚያስፈልገው የመሳፈሪያ ገንዘብ እኛ በአንድ ሠርግ ለለስላሳ ከምናወጣው ያንስ ነበር። ሥራ የጠላ ልጅ በእግሩ ይሄዳል እንዴ? ለምን አልነገርከኝም ብዬ ተቆጣሁት። «ለማን ልንገር?» አለኝ። ስልኬ እኮ አለው! ግን ከገባ ወዲህ እኔም አንድ ቀን ደውዬ አላውቅም ነበር።

ሰነፍ የለም አላልኩም። ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ የሚውል፣ ሦስት ጊዜ ሥራ ተገኝቶለት ሦስቴም ተኝቶ የቀረ አውቃለሁ፣ እናቱም ታውቃለች። ግን በአንድ ሰነፍ ምክንያት ሃያውን ልጅ «ሥራ ጠል» ብሎ ማጨብጨብ ግፍ ነው።

ስለዚህ ለመጪው እሑድ ስብሰባ ይህን አቅርቤአለሁ። ደመወዝተኛ የሆናችሁና ተያዥ ለመሆን ፈቃደኛ የሆናችሁ በእኔ ደብተር ተመዝገቡ፤ ስማችሁ ሰሌዳ ላይ አይወጣም፣ ማንም መጥቶ በራችሁን እንዳይደበድብ ጥያቄው በኮሚቴ በኩል ብቻ ይመጣል። ልጁ ቢያጠፋና ተያዡ ቢከፍል ከማኅበሩ ሣጥን ግማሹ ይተካለት። ሥራ ለጀመረ ልጅ እስከ መጀመሪያ ደመወዙ የመሳፈሪያ ብድር ይሰጠው፤ ደመወዙን ሲቀበል ይመልሳል። በ60ው ቀን ደግሞ ለአንድ ልጅ አንድ ትልቅ ሰው ይመደብና በየሳምንቱ ዓርብ ይደውልለት፤ ምክር ሳይሆን «እንዴት ዋልክ? ፎርማኑ ምን አለ?» ይበለው። ሣጥኑ አይችልም የምትሉ አላችሁ። ሒሳብ ያዡ መዝገቡን ይዞ ይመጣል፤ እያየን እንከራከራለን። የዚያን ቀን ያጨበጨባችሁ እንዳትቀሩ።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ልጅቷ ሰሞኑን ሌላ ቦታ ተጠርታለች። እንደገና ተያዥ ተጠይቃለች፤ የመጨረሻው ቀን ሐሙስ ነው። ባለቤቴ በ15,000 ብር ልክ ለመፈረም ተስማምቷል፣ ደብዳቤውንም ከመሥሪያ ቤቱ አውጥቷል። ሁለት ምስክር ያስፈልጋል። አንዷ ምስክር ያቺ ከደመወዟ የተቆረጠባት ጎረቤታችን ናት፤ ሳልጠይቃት ራሷ መጣች። ሁለተኛው አልተገኘም። ምስክር ገንዘብ አይከፍልም፤ መታወቂያውን ይዞ መምጣት ብቻ ነው። እስከ ረቡዕ ማታ 2 ሰዓት ድረስ ቤት ነኝ።

የማኅበሩ ጸሐፊ