ጀልባው ይቅር፣ መጀመሪያ ዋና

አየር ጤና ላይ መብራት ሲጠፋ የሚሠራው ሥራ አንድ ነው፤ የስልክ ባትሪ ካለ እሱን መጨረስ። እኔና ባለቤቴ ባለፈው ክረምት ብዙ ማታ ያሳለፍነው እንደዛ ነው። እሷ አልጋው ጫፍ ላይ፣ እኔ ግድግዳውን ተደግፌ፣ መሃላችን ስልኳ፤ ስልኩ ላይ ደግሞ ባሕር።

የምናየው «ላ ቫጋቦንድ» የሚባለውን የዩቲዩብ ቻናል ነበር። ባለቤቶቹ ራይሊ ዋይትለምና ኤሌይና ካራውሱ የሚባሉ አውስትራሊያውያን ናቸው። ራይሊ የባሕር ላይ ነዳጅ ማውጫ ውስጥ ሠርቶ ባጠራቀማት ገንዘብ ጣሊያን ሄዶ ባለ ሸራ ጀልባ ሲገዛ፣ ስለ ሸራ የሚያውቀው ነገር እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2014 ግሪክ ላይ ከኤሌይና ጋር ተዋወቁ፤ እሷም ብትሆን ለነገሩ አዲስ ነበረች። እየተሳሳቱ ተማሩ። በ2019 ግሬታ ተንበርግን ከአሜሪካ ተነስተው አትላንቲክን አሻግረው ፖርቹጋል ያደረሷት እነሱ ናቸው።

«እኛስ?» አለች ባለቤቴ አንድ ማታ።

ሳቅኩ። ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ ጀልባ የት ይቆማል? ትንሹ አቃቂ ላይ? ለእኛ የሚቀርበን ሰፊ ውሃ የገፈርሳ ግድብ ነው፤ እሱም ለቧንቧችን እንጂ ለሽርሽራችን አልተሠራም። «እኛ እኮ መኪናም የለን» አልኳት።

«ጀልባ ግዛልኝ አላልኩህም። ውሃ ውስጥ ብትወድቅ ትወጣለህ ወይ ነው የምልህ።»

አልወጣም። እሷም አትወጣም። የጓደኞቻችንን ስም እየጠራን ስንቆጥር በደንብ ዋና የሚችሉ ሁለት ሰዎች ብቻ አገኘን፤ አንዱ ሐዋሳ ያደገ፣ ሌላዋ የባሕር ዳር ልጅ። የአዲስ አበባ ልጅ የሆነ አንድም አልተገኘም። እናንተም ስልካችሁን አስቀምጡና ቁጠሩ እስኪ።

ቲክቶክ ላይ ግን ሁላችንም ባሕረኛ ነን። ስለ ባሕር በር አንድ ቪዲዮ ከተለቀቀ ከሥሩ የሚወርደው አስተያየት ማለቂያ የለውም። ክርክሩ ውስጥ መግባት አልፈልግም፤ ትልቅ ጉዳይ ነው፣ ባለቤት አለው። የኔ ጥያቄ ትንሽ ናት፦ ባሕሩ ነገ ቢመጣ ውስጡ የሚገባው ማን ነው?

ደግሞ ነገሩ የወሬ ብቻ አይደለም። ክረምት በመጣ ቁጥር የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ያስጠነቅቃል፦ ወንዝ አትግቡ፣ ድንጋይ ወጥቶባቸው ሳይደፈኑ የቀሩ ጉድጓዶች ውስጥ ያቆረ ውሃ ላይ አትዋኙ ይላል። በየክረምቱም ልጆች ይገባሉ፤ ጠላቂ ዋናተኞች ደግሞ አስከሬን ያወጣሉ። ዜናው ሁለት አንቀጽ ነው፣ ዕድሜና ክፍለ ከተማ ተጠቅሶ ያልቃል። «ለምን ገባ?» እንላለን። ልጅ ነዋ! ሞቆታል፣ ውሃ አይቷል፣ ገብቷል። ጉድጓዱን ቆፍሮ ትርፉን ይዞ የሄደውን ሰው ግን «ለምን አልደፈንክም?» የሚለው የለም።

ሌላም ጀልባ አለ፤ እሱ ላይ መሳቅ አይቻልም። ብዙ የእኛ እኩዮች በሕይወታቸው መጀመሪያ የሚሳፈሩበት ጀልባ በሌሊት ከጅቡቲ ወይም ከሶማሊያ ጠረፍ ወደ የመን የሚነሳው የደላላ ጀልባ ነው። በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የመን አብያን አጠገብ የሰጠመው ከ150 በላይ ሰው ጭኖ ነበር፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከ60 በላይ ሰዎች ሞቱ። ያን ሰሞን የሰማሁት የተለመደውን «ደላሎች ይቀጡ» ነው። ይቀጡ እንጂ! ግን ስለ ጀልባ ምንም የማያውቅ ሰው አደጋውን በምን ዓይኑ ይለየው?

ከነራይሊ ቪዲዮዎች የገባኝ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ባለ ሸራ ጀልባ ከሆዱ ሥር ከባድ ብረት ወይም እርሳስ ስላለው ነፋስ ሲያጋድለው ተመልሶ ይቆማል። ነፋሱ ወደሚመጣበት ፊት ለፊት መሄድ አይችልም፤ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ በሰያፍ እየተጓዘ ነው የሚደርሰው። ሸራው የሚቀነሰው ነፋሱ ሳይበረታ በፊት ነው፤ ከበረታ በኋላ እጅ አይታዘዝም። የደላላው ጀልባ ግን ክብደቱ ከላይ ነው፣ ክብደቱም ሰው ነው። ማዕበል መጥቶ ሰዉ ደንግጦ በአንድ ጎን ከተነሳ ይገለበጣል። ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም፤ አንድ እሁድ ሐይቅ ላይ ትንሽ ጀልባ ውስጥ ብድግ ማለት ይበቃል።

«እኛ ደገኛ ነን፣ ውሃ አይሆንልንም» የሚለኝ አይጠፋም። አልቀበልም። ጣና ላይ ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት ነገደ ወይጦዎች ከየት መጡ? እንዲያውም ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 «ራ» የምትባለውን ጀልባ ያሠራው ከጣና ታጭዶ ግብፅ በተጓዘ 12 ቶን ደንገል ነው። ሸራ ተክሎ ከሞሮኮ ተነሳ፤ ባርቤዶስ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ጀልባዋ ውሃ ጠግባ ተተወች። አንዱ ጥፋት ምን ነበር መሰላችሁ? በጥንት ግብፆች ሥዕል ላይ የጀልባዋን ጅራት ወደ ወለሉ የሚወጥር ገመድ ነበረ፤ እነሱ ግን ጥቅሙ ስላልገባቸው ተውት። በዓመቱ ሌላ ጀልባ አሠርቶ በ57 ቀን ተሻገረ። የጣና ሣር አትላንቲክ ላይ ከአንድ ወር በላይ ተንሳፏል፤ እኛ መዋኛ ገንዳ ውስጥ አንድ ደቂቃ አቃተን። ዛሬም ቢሆን ባሕር ዳር ላይ የሚሠለጥኑ የኛ ልጆች በዓለም መርከቦች ላይ በኢንጂነርነት ይሠራሉ። የተፈጥሮ ጉዳይ አይደለም፣ የመማር ነው።

የመማሪያው ቦታ ግን የት አለ? አዲስ አበባ ውስጥ ገንዳ ካለ ብዙ ጊዜ ሆቴል ውስጥ ነው፤ መግቢያው ለሰፈር ልጅ አይቀመስም። ወረዳው የኳስ ሜዳ ሲሠራ አጨብጭበናል፤ ስንት ሜዳ ሲሠራ አንድ ጥልቀት የሌለው ገንዳ፣ አንድ አሠልጣኝ ቢጨመር ምን አለበት? ሠርግ ላይ ለቪዲዮና ለዲኮር የምናወጣውንም አስቡት። እኔና ባለቤቴ ለሠርጋችን የገባነው ዕቁብ ገና ባለፈው ዓመት ነው ያለቀው፤ ከዚያ ቀን የተረፈን አልበም ነው፣ እሱንም አንገልጠውም።

ስለዚህ ከጥቅምት ጀምሮ እሁድ እሁድ ዋና እንማራለን። ሁለት ታክሲ እንቀያይራለን። ወጪው ከወር አስቤዛችን ላይ ነው የሚቀነሰው፤ አማቴ ሰምተው «ልጄን ልታሰጥምብኝ ነው» ብለው ለሦስት ቀን ስልኬን አላነሱም። አሠልጣኙ የመጀመሪያውን ቀን መዋኘት አላስተማረንም፤ ፊታችንን ውሃ ውስጥ ነክረን ትንፋሽ ማውጣት ብቻ። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ሙሉ ሰዓት ፈጀብኝ።

ባለፈው እሁድ ባለቤቴ በጀርባዋ ተንሳፈፈች፤ ጆሮዋ ውሃ ውስጥ ስለነበር ስሟን ስጠራት አልሰማችኝም። እኔ የገንዳውን ጠርዝ ይዤ ነበር።