አጋርህ «አንድ ስፔድ» ሲል መጀመሪያ ነጥብህን አትቁጠር

ባለፈው ሳምንት የለጠፍኳት እጅ ላይ የመጣውን ኮመንት አይቼ ዝም ብዬ ላልፍ ነበር። አንድ የማከብራቸው ታላቅ ወዳጃችን «በአምስት ነጥብ ሦስት ስፔድ መጥራት ቁማር ነው፣ ልጆቹን እንዲህ እያልክ አታበላሻቸው» ብለው ጻፉ። ይሁን፣ የሳቸው ሐሳብ ነው። ግን ከሥር ተሰልፎ «ትክክል ጋሼ» የሚለውን ሰው ሳይ አላስቻለኝም። ከነሱ መሀል እኔው ራሴ ፕሮባቢሊቲ ያስተማርኳችሁ አላችሁ! ስለዚህ የዛሬው ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

ብሪጅ ለማታውቁ ባጭሩ። አራት ሰው ነው፣ ሁለት ለሁለት። ፊት ለፊትህ የተቀመጠው አጋርህ ነው። 52 ካርታ ለአራት ይታደላል፣ ለያንዳንዱ 13። ከመጫወታችን በፊት ጨረታ አለ፤ «ስንት ዙር እንበላለን፣ ትራምፑስ የትኛው ይሁን» እያልን እንጠራለን (ትራምፕ ስል ሌላውን ሁሉ የሚበላው የካርታ ዓይነት ማለቴ ነው፣ ፖለቲካ ውስጥ እንዳትገቡብኝ)። ስድስቱ ዙር መነሻ ነው፣ ስለዚህ «አንድ ስፔድ» ማለት 7 ዙር፣ «ሦስት ስፔድ» ማለት 9 ዙር ነው። ከአጋርህ ጋር መነጋገር፣ መጠቃቀስ፣ መሳል ክልክል ነው። የምትነጋገሩት በጥሪ ብቻ ነው። ተቃራኒ መጀመሪያ ከፍቶ አጋርህ በላዩ ላይ ሲጠራ ኦቨርኮል ይባላል። ቁማር የሚመስለው ካለ ደግሞ በ2018 እ.ኤ.አ. የእስያ ጨዋታዎች ላይ ሜዳልያ የተሸለሙበት ጨዋታ ነው። እዚህ ሳንቲም የለም።

እጇ ይቺ ነበረች። ማንም ቫልነረብል አይደለም። ተቃራኒ «አንድ ዳይመንድ» ብሎ ከፈተ፣ አጋርህ «አንድ ስፔድ» አለ፣ ቀጣዩ ተቃራኒ ደብል አለ፤ ኸርት አለኝ ማለቱ ነው። ተራው ያንተ ነው። የያዝከው፦ ስፔድ ኪንግ 9 6 4፣ ኸርት 7 ብቻዋን፣ ዳይመንድ 8 5 3፣ ክለብ ኩዊን 10 7 5 2።

አምስት ነጥብ። ጋሼ «ፓስ» አሉ። እኔ «ሦስት ስፔድ» እላለሁ፣ ነገም እላለሁ።

ምክንያቱን በቁጥር እንየው። አጋርህ ኦቨርኮል ሲያደርግ ቢያንስ አምስት ስፔድ አለው። አንተ አራት አለህ። ዘጠኝ። ኸርት ያንተ አንድ ብቻ ናት፤ አጋርህ ሦስት ቢይዝ ለነሱ ዘጠኝ ኸርት ይቀራቸዋል። ዣን ሬኔ ቬርን የሚባል ፈረንሳዊ በ1969 እ.ኤ.አ. «ዘ ብሪጅ ወርልድ» መጽሔት ላይ ያስነበበው ሐሳብ አለ፣ በኋላ ላሪ ኮኸን በ1992 ባወጣው መጽሐፍ ዓለም ሁሉ የለመደው፦ የኛ ትራምፕ ብዛትና የነሱ ትራምፕ ብዛት ሲደመር፣ እኛ በኛ ትራምፕ የምንበላው ዙርና እነሱ በነሱ ትራምፕ የሚበሉት ዙር ሲደመር ከሚመጣው ጋር ይቀራረባል። እዚህ 9 ሲደመር 9፣ 18 ነው።

እንግዲህ 18ን እናካፍል። እኛ 9 ብንበላ እነሱ 9 ይበላሉ፦ ሦስት ስፔድ ገብቶ 140 እናገኛለን፣ ዝም ካልን ግን በሦስት ኸርት 140 የሚያገኙት እነሱ ናቸው። እኛ 8 ብቻ ብንበላ እነሱ 10 ይበላሉ፦ እኛ በአንድ ዙር ጎድለን 50 እንከፍላለን፣ ደብል ቢሉን 100፤ እነሱ አራት ኸርት ቢደርሱ ኖሮ 420 ይወስዱ ነበር። እሺ፣ ክፉውን እናስብ፤ 7 ብቻ በላን። ደብል ተብለን 300 ከፈልን። ግን ያኔ እነሱ በኸርት 11 ዙር አላቸው፣ 450። ከሦስቱ የትኛው ላይ ነው ቁማሩ ያለው? እኔ የማየው ቁማር አንድ ነው፤ ፓስ ብሎ ተቃራኒዎቹ ተስማምተው፣ ተመካክረው፣ ልካቸውን አግኝተው እንዲቆሙ መጠበቅ።

ደግሞ ቁጥሩ ብቻ አይደለም። አንተ ፓስ ስትል ከፋቹ «ሁለት ኸርት» ይላል፣ ያኛው ጥንካሬውን ይነግረዋል፣ ሦስት ላይ ይቁሙ አራት ይሂዱ ተዝናንተው ይመክራሉ። ሦስት ስፔድ ስትል ግን ያ ሁሉ ደረጃ ከእጃቸው ተነጠቀ። ከፋቹ አሁን አራት ኸርት ይበል፣ ደብል ይበል፣ ይተው በግምት ነው የሚወስነው። አንዳንዴ በትክክል ይገምታል። ይገምት! ምሽቱን ሙሉ እያስገመትከው ሁሌ አያገኝም።

«ይሄ ሕግ ሁልጊዜ አይሠራም» የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ በአንድ ዙር ወዲህ ወዲያ ማለቱ የተለመደ ነው። ማይክ ሎውረንስና አንደርስ ዊርግሬን በ2004 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ሕግ የሚሞግት መጽሐፍ ጽፈዋል፤ ከትራምፕ ብዛት ይልቅ የሁለቱ እጆች ማጠር ነው ዙር የሚያመጣው ይላሉ። ጥሩ። ያቺ ብቻዋን ያለችው 7 ኸርት ታዲያ ምንድን ናት? ተከራካሪዎቹ በሁለት መንገድ መጥተው ይቺ እጅ ላይ ይገናኛሉ። ቅርጽህ 4-3-3-3 ቢሆንና አንዲትም አጭር ባይኖርህ አንድ ደረጃ ዝቅ በል፣ ሁለት ስፔድ ይበቃሃል። እናንተ ቫልነረብል ሆናችሁ እነሱ ካልሆኑ ደግሞ በሁለት ዙር ጎድሎ ደብል መባል 500 ነው፣ እዚያ ጋ ቆም ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው። ከዚህ ውጭ ያለው ፓስ ፍርሃት ነው።

ነጥብ የሚለው ነገር ከየት መጣ? ኤስ 4፣ ኪንግ 3፣ ኩዊን 2፣ ጃክ 1 የሚለውን ቆጠራ ያስለመደው ሚልተን ወርክ ነው፣ ቤት ለቤት ያዳረሰው ደግሞ ቻርልስ ጎረን፣ በተለይ ከ1949 በኋላ። ያለ ትራምፕ ስትጫወት ቆጠራው ግሩም ነው። ግን ጎረን ራሱ አጋርህን ስትደግፍ ለአጭር ካርታ ተጨማሪ ነጥብ ቁጠር ይል ነበር፤ ብቸኛ ካርታ ያለህ እንደሆነ ሦስት ጨምር። የኛ ሰው የጎረንን ግማሹን ወስዶ ግማሹን ረስቶታል። አምስት ነጥብ የምትሏት እጅ በራሱ በጎረን ሒሳብ እንኳ አምስት አይደለችም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ፓስ ከሚለው ይልቅ የሚያናድደኝ «የራሴን ላሳይ» የሚለው ነው። ተቃራኒ አንድ ዳይመንድ፣ አጋር አንድ ስፔድ፣ ቀጣዩ ፓስ። የያዝከው፦ ስፔድ ኩዊን 7 3፣ ኸርት ኤስ ጃክ 8 5 2፣ ዳይመንድ 6 4፣ ክለብ 9 7 5። ከናንተ ግማሹ «ሁለት ኸርት» ይላል። ለምን ስል «አምስት አለኝ፣ ደርባባ ኸርት ነው» ይለኛል። አጋርህ ምን ብሎ ጠራህ? ስፔድ ነው ያለህ። ሦስት አለህ፣ አምስትና ሦስት ስምንት፣ ቤታችሁ ተገኝቷል፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ? የመምህራን ስብሰባ ላይ «የቅድሙን ተናጋሪ ሐሳብ እደግፋለሁ» ብሎ ተነሥቶ ስለራሱ ጉዳይ ሃያ ደቂቃ የሚያወራውን ሰው ታውቁታላችሁ አይደል? ሁለት ኸርት ባዩ ከሱም ይብሳል፤ መደገፉን እንኳ አይናገርም።

ሁለት ኸርት ካልክ በኋላ ተቃራኒ «ሦስት ዳይመንድ» ሲል አጋርህ ስምንት ስፔድ እንዳላችሁ በምን ያውቃል? ኸርቱን አይደግፍህም፣ ምናልባት አንዲት ነው ያለችው። ስፔዱን አይደግመውም፣ አንተ ምንም የሌለህ ይመስለዋል። ጨረታው እዚያ ያልቃል፣ ስምንት ትራምፕ ይዛችሁ ትከላከላላችሁ። «ሁለት ስፔድ» ብትል ግን በአንዲት ጥሪ ድጋፍም አለኝ፣ ከ6 እስከ 10 አካባቢ ነኝ አልከው። ከዚያ በኋላ የሚፋለመውም የሚተወውም እሱ ነው፣ በቂ ነገር ነግረኸዋል።

ጠንካራ እጅ ሲመጣስ? ስፔድ ኤስ 8 3፣ ኸርት ኪንግ 10 6 2፣ ዳይመንድ 7 4፣ ክለብ ኤስ ጃክ 8 5። አሥራ ሁለት ነጥብና ሦስት ስፔድ። እዚህ ጋ ዘሎ ሦስት ስፔድ የሚል አለ። አይሆንም፤ ሦስት ስፔድን ለደካማዋ እጅ ሰጥተናታል። የተቃራኒን ዓይነት ራሱን ትጠራለህ፦ «ሁለት ዳይመንድ»። ዳይመንድ አለኝ ማለት አይደለም፣ «እደግፍሃለሁ፣ ጠንካራም ነኝ፣ ያንተ ጥሪ ምን ያህል ነው» ማለት ነው። የአጋርህ ኦቨርኮል ከ8 ነጥብ እስከ 16 ሊሆን ይችላልና ይህን መጠየቅ ግድ ነው። ደከም ያለው «ሁለት ስፔድ» ብሎ ይመለሳል፣ ሁለት ላይ ታርፋላችሁ። ሌላ ካለ ወደ አራት ትሄዳላችሁ። ማለት የምፈልገው ደካማው ዘሎ ይጥራ፣ ጠንካራው ቀስ ብሎ ይጠይቅ ነው። ብዙ ሰው ተገልብጦ ነው የሚጫወተው።

ድጋፍ ከሌለህስ? ስፔድ አንዲት፣ ስድስት ነጥብ የተበታተነ፦ ፓስ። አጋርህን «ላድነው» ብለህ ሁለት ክለብ አትበል፣ ማንም ደብል አላለውም፣ አልሰመጠም። ዳይመንዳቸውን የሚይዝ ነገር፣ ሁለት ስፔድና ዘጠኝ ነጥብ ካለህ «አንድ ኖትራምፕ» በል። በቃ።

አንድ ነገር ላክል፣ በስልክ ስለምንጫወት የማይታይ መስሏችሁ ነው። አንድ ደቂቃ አስቦ ፓስ ማለት ከሁሉ የከፋ ነው። አጋርህ «የሆነ ነገር ይዟል» ብሎ ያውቃል፤ በሕገ ደንቡ 16ኛ አንቀጽ ደግሞ ያን ማወቁን መጠቀም አይችልም። ቀጥሎ ትክክለኛ ጥሪ እንኳ ቢጠራ ተቃራኒ ዳኛ ይጠራበታል። ሳትደግፈው እጁንም አሰርከው።

ጋሼ፣ በአክብሮት፣ የኔ ጭንቀት 50 ነጥብ አይደለም። አራት ስፔድ ይዞ ፓስ ያለ አጋር ያለው ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ኦቨርኮል አያደርግም። ለምን ያድርግ? ብቻውን ነው የሚቀረው። አንዱ ፈርቶ አይደግፍም፣ ሌላው ስለማይደገፍ አይጠራም፣ ከወር በኋላ ሁለቱም ዝም ብለው ተቃራኒ ሲጨዋወት ያያሉ። እኔ ሁለት ጎበዝ ልጆች እንዲህ ሆነው ሲለያዩ አይቻለሁ፣ ሁለቱም «እሱ ነው ያስከሰረኝ» ይላሉ። አጉል ጥንቃቄን «ጨዋነት» ብለን ስናስተምራቸው የምናመጣው ይህንን ነው።

ለቅዳሜ ይቺን ሥሩ። ማንም ቫልነረብል አይደለም። ተቃራኒ «አንድ ኸርት»፣ አጋር «ሁለት ክለብ»፣ ቀጣዩ ፓስ። የያዝከው፦ ስፔድ ኤስ ጃክ 9 7 5፣ ኸርት 8 4፣ ዳይመንድ ኪንግ 6 3፣ ክለብ ኪንግ 10 2። ሁለት ስፔድ፣ ሁለት ኸርት ወይስ ሦስት ክለብ? ከነምክንያቱ ኮመንት ላይ ጻፉ። «11 ነጥብ ስላለው» ብቻ ብሎ የሚመልስ ዜሮ ነው። ጋሼ፣ እርስዎም ይመልሱ እንጂ፣ እጠብቃለሁ።