የባለቤታቸውስ?

መገናኛ ላይ ሕንፃ ባለቤት አያጣም። አንድ ደላላ ግማሽ ሰዓት ከሰጣችሁት ከቀለበት መንገዱ ዳር እስከ ሾላ ያለውን ሁሉ ያስተዋውቃችኋል። ያ ባለመስታወቱ የእገሌ ሚኒስትር ነው፤ ከጀርባው ያለው የጄኔራሉ፤ ገና በቆርቆሮ የታጠረው ደግሞ «የትልቅ ሰው» ነው። ካርታው በማን ስም ነው ብላችሁ ብትጠይቁት ይስቃል። «በሚስቱ ወንድም ነዋ!» ይላችኋል፣ ይህን አለማወቃችሁ እየገረመው።

እኔ ግማሹን አላምነውም። ከእነዚያ ሕንፃዎች አንዱን መርካቶ ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ሸጦ የሠራ ነጋዴ ይኖራል፤ እሱም በየምሽቱ የታክሲ ሰልፍ ላይ ከሌሎቹ ጋር ተደምሮ ሌባ ይባላል። የሚያናድደው ደላላውን ውሸታም የሚያሰኝ ወረቀት ከየትም አለመገኘቱ ነው። ወረቀቱ ግን ሊኖር ይገባ ነበር፤ ሕጉ አለና።

የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668/2002 ከወጣ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሆኖታል። ተሿሚና ተመራጭ ሁሉ፣ በሕጉ የተካተተ የመንግሥት ሠራተኛም ጭምር፣ የራሱንና የቤተሰቡን ሀብት ያስመዘግባል፤ በየሁለት ዓመቱም ያድሳል። ምዝገባው በ2003 ዓ.ም. ሲጀመር ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊና ባለቤታቸው ከመጀመሪያዎቹ ተመዝጋቢዎች መካከል ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በዜና የምንሰማው በአብዛኛው የተመዝጋቢውን ብዛት ነው። ይህን ያህል ሺህ ሰው ሀብቱን አስመዘገበ ይባላል፤ ምን አስመዘገበ ብሎ የሚነግረን የለም።

አዋጁን ላነበበው መጀመሪያ ላይ ደስ ይላል። የተመዘገበ ሀብት መረጃ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ የፈለገ ሰው በጽሑፍ ጠይቆ ያገኛል ይላል። ይህን ብሎ ሳይጨርስ ግን የቤተሰብ ሀብት መረጃ በምስጢር ይያዝ ይላል። ቤተሰብ የሚለው ደግሞ የትዳር ጓደኛንና በተሿሚው ሥር የሚተዳደሩ፣ ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን ነው። ስለዚህ በሚኒስትሩ ስም ያለውን ማየት ይፈቀዳል፤ የሚስቱ ተመዝግቦ ይቆለፍበታል፤ የሃያ ዓመት ልጁና የሚስቱ ወንድም ከነጭራሹ መዝገቡ ውስጥ የሉም። የመገናኛው ደላላ ሕግ አልተማረም፤ ቀዳዳው የት ጋ እንዳለ ግን ከብዙ ጠበቃ ይልቅ ያውቃል።

የሚስት ስም ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ ለማየት አይስላንድን ማንሳት ይበቃል። ሲግሙንዱር ጉንሎይግሶን ጠቅላይ ሚኒስትር ከመሆናቸው በፊት፣ ከሚስታቸው ጋር በብሪቲሽ ቨርጂን ደሴቶች የተመዘገበ ዊንትሪስ የሚባል ኩባንያ ነበራቸው። በ2009 እ.ኤ.አ. የመጨረሻ ቀን ድርሻቸውን ለሚስታቸው በአንድ ዶላር ሸጡት። እንዲህ ያለውን ሀብት አሳውቁ የሚለው ሕግ ሊጸና የቀረው አንድ ቀን ነበር። ኩባንያው ከወደቁት የአገሪቱ ባንኮች ላይ ዕዳውን የሚጠይቅ ባለገንዘብ ነበር፤ ሰውየው ኋላ የመሩት መንግሥት ደግሞ ከነዚሁ ባለገንዘቦች ጋር የሚደራደር። በ2016 እ.ኤ.አ. የስውር ኩባንያ ባለቤቶችን ያጋለጡት የፓናማ ሰነዶች ሲወጡ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፣ እሳቸውም በቀናት ውስጥ ወንበሩን ለቀቁ። ሕግ አልጣስሁም ነው ያሉት። ምናልባት እውነታቸውን ነው፤ ችግሩም ይኸው ነው።

በእኛ አገር «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የተባለው የሹሙ ጎተራ እዚሁ ቀዬ በነበረበት ዘመን ነው። ሹሙ ሲሻር ጎተራው ይወረሳል፤ የበላውን አገር በዓይኑ ያያል። አሁን ጎተራው ዱባይ ሊሆን ይችላል። አያት ያለ ኮንዶሚኒየም ቢሆን ሀብት የሚመዘግበው የፀረ ሙስና ኮሚሽን ባለሙያ በግማሽ ቀን አይቶት ይመለሳል፤ ዱባይ ያለውን ለማወቅ የሌላ መንግሥት ትብብር ያስፈልገዋል። ግሎባል ፋይናንሻል ኢንተግሪቲ የተባለው ተቋም ከ2000 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ በሕገወጥ መንገድ የወጣውን ገንዘብ 11.7 ቢሊዮን ዶላር ብሎ ገምቶ ነበር። ቁጥሩ የነጋዴውንና የባለሥልጣኑን አይለይም። እኛም አንለየውም።

ጥርጣሬው የቆየ ነው። በመስከረም 1967 ዓ.ም. ጃንሆይን ከዙፋን ያወረደው ደርግ በስዊስ ባንኮች አስቀምጠውታል ያለውን ገንዘብ እንዲመልሱ ይወተውታቸው ነበር። መጠኑ እንደ ተናጋሪው ሚሊዮንም ቢሊዮንም ይሆናል። ንጉሡ በነሐሴ 1967 ዓ.ም. ሞቱ፤ ገንዘቡም አልታየ፣ ስማቸውም አልጠራ። ሽማግሌዎች ዛሬም ቡና ይዘው ይከራከሩበታል። የንጉሡ ኪስና የመንግሥት ካዝና ተለይቶ በመዝገብ ያልሰፈረበት ሥርዓት ለከሳሹም ለተከሳሹም አልበጀም።

ዛሬ ነገሩን የሚያከብደው ሌላ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲመራ ሲወሰን ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ውጭ አገር 200 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ቤት ያለው ሰው ሀብቱ በብር ሲቆጠር ከ11 ሚሊዮን ወደ 20 ሚሊዮን ተሻገረ። ደመወዙን በብር የሚቀበለው የየካ መምህር ግን የጨመረበት የኑሮ ውድነቱ ነው። ውሳኔው ልክ ነበር አልነበረም የሚለውን ኢኮኖሚስቶች ይከራከሩበት። እኔ የምጠይቀው በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ከተቀመጡት መካከል ሀብቱ በዶላር የሆነ ነበር ወይ ብዬ ነው። ከነበረስ ተናግሯል? አዋጁ የጥቅም ግጭት ያለበት ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል። «በዚህ ጉዳይ ጥቅም አለኝ» ብሎ ከስብሰባ የወጣ ሚኒስትር ስም ግን እስከ ዛሬ ሰምቼ አላውቅም።

   

ውጭ አገር ሀብት ማፍራት ነውር አይደለም። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ተመልሰው ኃላፊነት የያዙ አሉ፤ ሃያ ዓመት ሠርተው ሜሪላንድ ቤት ቢገዙ ላባቸው ነው። መዝገቡ ቢከፈት ከማንም በፊት ከሐሜት የሚድኑት እነሱ ናቸው። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የንብረት ማስመለስ አዋጅ ምንጩ ያልታወቀ ሀብትን አሥር ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ መመርመር ፈቅዷል፤ መልካም ነው። በእኛ አገር ግን ፋይል የሚከፈተው አብዛኛውን ጊዜ ሰውየው ከወንበሩ ከወረደ ወይም ከጓዶቹ ከተጣላ በኋላ ነው። እኛ ማወቅ የምንፈልገው ወንበሩ ላይ ሳለ ነው።

ስለዚህ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተሰብን ሀብት የሚሸሽገውን ድንጋጌ ይሰርዝልን። ለደኅንነት ሲባል የቤት አድራሻና የልጆች ስም ይቅር፤ ሀብቱ ምን እንደሆነ፣ የት አገር እንዳለና በማን ስም እንደተያዘ ግን ማንም በስልኩ እንዲያየው ይውጣ። እስከዚያው የሀብት ማሳወቂያው አዋጅ ለማንኛችንም የሰጠው መብት አለ፤ የተሿሚውን የተመዘገበ ሀብት በጽሑፍ መጠየቅ። አንድ ገጽ ማመልከቻ ነው። የወከላችሁን የምክር ቤት አባል ስም ጻፉና አስገቡ፤ መልስ ከከለከሏችሁም መከልከላችሁን ለጋዜጣ ጻፉ።