ስለ ልጅ መጠየቅ መምህርን መዳፈር አይደለም

በሜሪላንድ ስቴት፣ ሞንጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ማስታወቂያቸውን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። በስብሰባው ክፍል ግን ነገሩ ሌላ ነው። በጠረጴዛው ወዲያ ርዕሰ መምህሩ፣ የልዩ ፍላጎት መምህርቷ፣ የሥነ ልቦናና የንግግር ሕክምና ባለሙያዎቹ ተደርድረዋል። ወዲህ በኩል ሌሊቱን ሥራ ያደረች አንዲት ሐበሻ እናት ብቻዋን ተቀምጣለች። አስተርጓሚው በስልክ ነው፤ ድምፁ ይቆራረጣል። ወረቀቱ ገጽ በገጽ ይገለጣል፣ የልጇ ውጤት በቁጥርና በአህጽሮተ ቃል ይነበባል። በመጨረሻ «ጥያቄ አለሽ?» ስትባል «የለኝም፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ የቀረበላትን ፈርማ ትወጣለች።

እንዲህ ያለው ስብሰባ በአገሩ ለሚኖሩ ወገኖች እንግዳ አይደለም። እናቲቱ ዝም ያለችው ግድ ስለሌላት አይደለም። ባደገችበት አገር መምህር ይከበራል እንጂ አይጠየቅም፤ ወላጅ ትምህርት ቤት የሚጠራውም ልጁ ሲያጠፋ ነው። የአሜሪካ ሕግ ግን የልጁን የግል የትምህርት ዕቅድ፣ ማለትም አይኢፒ የሚባለውን፣ ከሚያዘጋጁት ሰዎች አንዷ አድርጎ ይቆጥራታል። የእሷ ዝምታ ያን ወንበር ባዶ ያስቀረዋል።

ሕጉ ራሱ የተገኘው በወላጆች ሙግት ነው። በ1971 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፔንሲልቬንያ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች ወላጆች ማኅበር ስቴቱን ከሰሰ። በ1972 ደግሞ ፍርድ ቤት በዋሽንግተን ዲሲ በቀረበ ክስ ላይ «ገንዘብ የለንም» የሚለውን የትምህርት ቢሮውን ምክንያት ሳይቀበል ቀረ። በ1975 ፕሬዚዳንት ፎርድ ሕጉን ሲፈርሙ፣ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ጨርሶ የተገለሉት አካል ጉዳተኛ ልጆች በኮንግረሱ ግምት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነበሩ።

ለሐበሻ ወላጅ ይበልጥ ቅርብ የሆነው ፍርድ ግን የ2005ቱ ነው። ሻፈር እና ዊስት ተብሎ የሚታወቀው ይህ ክርክር የተነሣው ከዚያው ከሞንጎመሪ ካውንቲ ነው። ወላጆች ለልጃቸው የቀረበው ዕቅድ በቂ አይደለም ብለው ተሟገቱ። ጉዳዩን መጀመሪያ የሰማው ዳኛ የሁለቱ ወገን ማስረጃ ተቀራራቢ ሆኖ አገኘው፤ ስለዚህ የማስረዳት ሸክሙ የማን ነው የሚለው ወሳኝ ሆነ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 2 በሆነ ድምፅ ሸክሙ የአቤት ባዩ ነው አለ። አቤት ባዩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወላጅ ነው።

ታዲያ በቃል የተነገረ ስሞታ የትም አያደርስም። ልጁ ይመርመርልኝ የሚለው ጥያቄ ቀን ተጽፎበት በደብዳቤ ወይም በኢሜይል ይሂድ። ትምህርት ቤቱ እምቢ ካለም ምክንያቱን በጽሑፍ የመስጠት ግዴታ አለበት። በምርመራው ውጤት ያልተስማማ ወላጅ በመንግሥት ወጪ በገለልተኛ ባለሙያ ይታይልኝ ማለት ይችላል፤ ትምህርት ቤቱ ወይ ይከፍላል፣ ወይ ምርመራዬ በቂ ነው ብሎ ዳኛ ፊት ይከራከራል። አስተርጓሚ ማቅረብም የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው። የልጁን ታላቅ እህት ወይም ወንድም አስተርጓሚ አድርጎ ማስቀመጥ ግን ለልጅ የማይገባ ሸክም ነው፤ ቢቀር ይሻላል።

«ትንሽ ለውጥ አለው እኮ» የሚል መልስም አያዘናጋ። በ2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኦቲዝም ያለበት የአንድ የኮሎራዶ ልጅ ወላጆች ባቀረቡት ክስ፣ ዕቅዱ ልጁ ካለበት ሁኔታ አንፃር ተገቢ ለውጥ እንዲያመጣ የታሰበ መሆን አለበት ሲል በሙሉ ድምፅ ወስኗል። ለይስሙላ የሚሰጥ አገልግሎት አይበቃም።

ከሕጉ በላይ የሚከብደው የሰው ዓይን ነው። ዛሬም ልጃቸውን ከማኅበርና ከክርስትና ድግስ የሚያስቀሩ ቤተሰቦች አሉ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሰው ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ሲያጡ፣ በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። በ2021 እስኪያርፉ ድረስም ስለ ልጃቸው በአደባባይ ይናገሩ ነበር። እሳቸው የሚሞግቱበት ሕግ ሳይኖራቸው ያን ያህል ከሄዱ፣ ሕጉ በእጁ ያለ ወላጅ የሚያፍርበት ምክንያት የለም።

በእርግጥ የልጅ ትምህርት በእናት የመከራከር ችሎታ ላይ መንጠልጠሉ ፍትሐዊ አይደለም። የፌዴራል መንግሥቱም በአገሪቱ ለአንድ ተማሪ በአማካይ ከሚወጣው ገንዘብ እስከ 40 በመቶ የሚደርሰውን ለዚህ አገልግሎት በየልጁ እሰጣለሁ ብሎ የገባውን ቃል አንድም ዓመት አሟልቶ አያውቅም። ያ እስኪስተካከል ግን ልጁ እያደገ ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ፣ መስጊዶቹና የኮሚኒቲ ማኅበራቱ ይህን መንገድ ያለፉ ወላጆችን ከአዲሶቹ ጋር ያገናኙ። የሜሪላንድ ትምህርት ቤቶች ከስብሰባው 5 የሥራ ቀናት ቀደም ብለው ረቂቁን ለወላጅ መስጠት አለባቸው፤ ያን ረቂቅ ከእናቲቱ ጋር ቁጭ ብሎ የሚያነብ፣ በስብሰባውም ቀን አጠገቧ ተቀምጦ ማስታወሻ የሚይዝ አንድ ሰው ከየደብሩ አይጠፋም።