ሐይቁን አድርቆ ወፍ ተመልካች መጥራት ምን የሚሉት ቱሪዝም ነው?

ጎበዝ! ይህችን ሀገር የሚያስተዳድሩ ሰዎች ሐይቅ አይተው ያውቃሉ? ማለቴ ቢራ ይዘው ከሎጅ በረንዳ ላይ ሳይሆን፣ በእግራቸው ወርደው፣ ጭቃው ጫማቸውን እስኪያስቀርባቸው ድረስ? እኔ ባለፈው ጥር አይቼ መጥቻለሁ።

የጋዜጣ ጽሑፍ የቤት ኪራይ አልከፍል ሲለኝ አንዳንዴ ለውጭ ሰዎች አስተርጓሚ ሆኜ እወጣለሁ። በዚህኛው ዙር የደረሱኝ ሁለት የሆላንድ ሽማግሌዎች፣ ባልና ሚስት ነበሩ። የመጡት ወፍ ለማየት ነው። አትሳቁ! እነዚህ ሰዎች አንዲት ወፍ ለማየት አውሮፕላን የሚሳፈሩ፣ ሁለት ሳምንት ሆቴል የሚያድሩ፣ መኪና የሚከራዩ፣ ለሹፌሩም ለመሪውም የሚከፍሉ፣ ማታ በጊዜ የሚተኙ ጨዋ ቱሪስቶች ናቸው። በሀገራችን ደግሞ ከ800 በላይ የወፍ ዓይነት ተመዝግቧል፤ ከእነዚህም መካከል በሌላው ዓለም ፈጽሞ የማይገኙ አሉ። ነዳጅ የለንም፣ ወደብ የለንም እያልን የምናለቅስ ሰዎች ይህን ሀብት እንዴት አድርገን እንደያዝነው እስቲ ስሙልኝ።

ገና ከመግባታቸው የሽማግሌው ባይኖኩላር ተያዘ። የመሥሪያ ቤቱን ስም ልተወው፤ ፈታሹ «ፈቃድ አለው ወይ?» አለ፣ የለውም፣ አለቀ። ወፍ ሊያይ የመጣን እንግዳ ባይኖኩላሩን ነጥቆ «እንኳን ደህና መጡ» ማለት ጠጅ ቤት ጋብዞ ብርሌውን እንደ መቀማት ነው። ሚስትየዋ በካፖርታቸው ኪስ የያዟት ትንሿ ተርፋ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች እሷን እየተቀባበሉ ሰነበቱ። እኔ በእነሱ ፋንታ አፈርኩ።

አብያታ ሻላ ደረስን። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ፓርኩ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን ከዚህ ውስጥ 482ቱ ውሃ ነው ይላል ወረቀቱ። ወረቀቱ ይበል እንጂ፣ ስካውቱ ከመኪና አስወርዶን በነጩ የሶዳ ቅርፊት ላይ ብንሄድ፣ ብንሄድ ውሃው አልመጣም። ሽማግሌው በ1966 ዓ.ም. በወጣትነታቸው እዚህ መጥተው ነበር። ቆሙና ዙሪያቸውን አዩ። «ያኔ መኪናችንን ያቆምነው ውሃው ዳር ነበር» አሉኝ። ወደ ኋላ ብዞር መኪናችን የክብሪት ቀፎ አክላለች።

ይህ የእግዜር ቁጣ አይደለም። አብያታ መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው። የሚኖረው ከዝዋይ በቡልቡላ፣ ከላንጋኖ በሆራ ቀሎ በሚመጣለት ውሃ ነው። ከላይ የመቂና የቀታር ወንዞች ለመስኖ ይጠለፋሉ፣ ዝዋይ ዳር ፓምፑ ቀንና ሌሊት ይጎትታል፣ የአበባ እርሻውም ድርሻውን ያነሣል። ለወፍ ተብሎ በተከለለው ፓርክ ውስጥ ደግሞ በደርግ ጊዜ የሶዳ አሽ ፋብሪካ ተተከለ፤ ሥራውም የሐይቁን ውሃ ስቦ በኩሬ ላይ ለፀሐይ ማስጣት ነው። ደርግን ሲያወግዙ የኖሩት ተተኪዎቹ ታዲያ በዚህ በኩል ታማኝ ወራሽ ሆነው ተገኙ። ሐይቁ ከ1960ዎቹ ስፋቱ ግማሽ ያህሉን አጥቷል።

ውሃው ሲያንስ ጨዉ በረታ፣ ቆሮሶው አለቀ። እዚህ ላይ ነው የፔሊካኑ ነገር የሚያሳዝነው። ፔሊካን ጫጩቱን የሚፈለፍለው በሻላ ደሴት ላይ ነው፤ ሻላ ግን ጥልቅና ዓሣ የማይበረክትበት ሐይቅ ስለሆነ ምግቡን የሚያመጣው ከጎረቤቱ ከአብያታ ነበር። አሁን እስከ ዝዋይ መብረር አለበት። መኝታ ቤቱ እዚህ፣ ማዕድ ቤቱ ሌላ ከተማ እንደ ሆነበት ደሞዝተኛ! እርግጥ ፍላሚንጎው ሶዳ ውሃ ስለሚወድ ዛሬም ይመጣል፤ ሽማግሌዎቹም በትንሿ ባይኖኩላር ሮዝ ሆኖ ተሰልፎ አይተው እንደ ሕፃን ፈነጠዙ። ግን ፍላሚንጎ ዘዋሪ ወፍ ነው። ቪዛ አይጠይቅ፣ ካልተመቸው ሌላ ሐይቅ ይፈልጋል።

የጫካውንም ነገር ልንገራችሁ። ስካውቱ የግራሩን ጉቶ እያሳየኝ «ጋሼ፣ ከሰሉ የት እንደሚሄድ ታውቃለህ?» አለኝ። አውቃለሁ። ወደ እኛ ነው፤ አዲስ አበባ ቡናችንን የምናፈላበት ነው። ገበሬውን ብቻ መርገም ታዲያ ምን ይሉታል?

በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ «ገበታ ለሀገር» ተብሎ ለጎርጎራ፣ ለወንጪና ለኮይሻ ገንዘብ ተሰበሰበ፣ ሐይቅ ዳር የሚያማምሩ ቤቶች ተሠሩ። መልካም፣ እሰየው! ግን ጎርጎራ የተሠራው በጣና ዳር አይደለም እንዴ? ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እምቦጭ በወረረው፣ በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት በመዘገበው ጣና! አልጋው ተነጠፈ፤ መስኮቱ ሲከፈት ምን ሊታይ ነው? ሐረማያን እናስታውስ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ፓምፕ ሲመጥጠው ከርሞ ደረቀ፣ ከብት ተሰማራበት። በኋላ ውሃ ቢመለስለትም ያን ጊዜ «ደረቀ» ተብሎ የተጠየቀ ሹም አልሰማንም።

ሽማግሌዎቹ አብያታ ሦስት ቀን ሊቆዩ ነበር፤ በነጋታው ሐዋሳ እንሂድ አሉ። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ላይ አባ ኮዳ እንደ ገንዘብ ያዥ ኮቱን ለብሶ የዓሣ አንጀት ሲጠብቅ አይተው ሳቁ። ለሚቀጥለው ዓመት የት እንዳሰቡ ብጠይቃቸው «ኬንያ» አሉኝ።

እኔ ለባለሥልጣኖቻችን አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፤ ስለ አረንጓዴ ልማት ንግግር አይሁንብኝ። ከዝዋይ ስንት ፓምፕ ይጎትታል? በቡልቡላ በኩል ለአብያታ በዓመት ስንት ውሃ እንዲደርስ ተወስኗል? ይህን ቁጥር የሚያውቅ ሚኒስትር ካለ ይጻፍልን። የዚህ ጋዜጣ አዘጋጅ በፊት ገጽ ያወጡለታል፣ ተነጋግረናል።